በረዶ ላይ ለሚጫወቱ ልጆች የሚሻለው የትኛው ሥፍራ ነው?

ልጅ፣ እኅት ወይም የልጅ ልጅ በካናዳ ያሏቸው እናቶች በታኅሣሥና በጥር ወር የሚደርሳቸውን ፎቶግራፍ ሲመለከቱ መደንገጣቸው አይቀርም። ሕፃኑ ስለት ያለው ጫማ ተጫምቶ፣ በረጋ ውኃ ላይ ቆሞ ይሥቃል። «ቢሰበርስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ልጁ እንደቆመበት ሥፍራ ይለያያል።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር እናንሣ። በእኛ ዘንድ ከሰማይ የሚወርደውም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ ሐይቅ የሚሸፍነውም ሁሉ «በረዶ» ይባላል። በዚያ አገር ግን እንደ ባዘቶ እየተበተነ የሚወርደውና እንደ መስታወት የሚረጋው ግግር የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም የሕይወት ጉዳይ ነው። ባዘቶው በግግሩ ላይ ሲከመር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከቅዝቃዜው ይጋርደዋል። ስለዚህ ከሥር ያለው ግግር ሳይወፍር ይቀራል፤ ስንጥቁም አይታይም። ነጭ ለብሶ ያማረ ሐይቅ ሰውን የሚያታልለው በዚህ ምክንያት ነው።

የታወቀውን ሥፍራ እንመልከት። በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ መሐል የሚያልፈው የሪዶ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1832 ሥራው ሲጠናቀቅ ለመርከብ መተላለፊያ ነበር። ከ1971 ወዲህ ግን ውኃው ሲረጋ የከተማው ሕዝብ መንሸራተቻ ሆኗል። ርዝመቱ 7.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። ክፍያ የለውም። ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሠራተኞችም አሉ።

ቦዩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የግግሩን ውፍረት እየቦረቦረ ይለካል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልደረሰና ጥራቱ ካልተረጋገጠም ለሕዝብ አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2022-23 ብርዱ ስላልበረታ፣ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን በሙሉ ሳይከፈት ቀረ። በ2024ም የተከፈተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ሕዝብ ጫማውን አዘጋጅቶ እየጠበቀ «አይቻልም» ማለት ቀላል አይደለም፤ እኛ ግን የቦዩን መልካም ስም ጠብቆ ያቆየው ይኸው ቆራጥነት ነው እንላለን።

ብዙ የአገራችን ተወላጆች በሚኖሩባት በቶሮንቶ ደግሞ ነገሩ ለእናት ልብ ይበልጥ ይቀላል። በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በናታን ፊሊፕስ አደባባይ ያለው መንሸራተቻ በመሣሪያ ኃይል የሚረጋ ነው። እንዲህ ባሉ ሥፍራዎች ከወለሉ ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ በላዩም ስስ ግግር ይሠራል። ቢቀልጥ እንኳ የልጁ እግር ይረጥባል እንጂ የሚሰጥምበት ጥልቅ ውኃ የለም። መግቢያው በነጻ ነው፤ ጫማ ለሌለውም በኪራይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው ቤንትዌይ የተባለው መንሸራተቻም በጋርዲነር አውራ ጎዳና ሥር የሚጠማዘዝ ነው። በዋሽንግተን የሚኖሩ ቤተሰቦች በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ሥፍራ ውስጥ ተመሳሳይ መንሸራተቻ ያገኛሉ፤ ይህኛው ግን ያስከፍላል።

አሳሳቢው ማንም የማይለካው የሠፈር ኩሬና ወንዝ ነው። የካናዳ ቀይ መስቀል ለአንድ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር፣ በቡድን ለሚጫወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። ቀለሙም ይናገራል። ጥርት ያለ ሰማያዊው ጠንካራ ነው፤ ነጩ ደካማ ነው፤ ግራጫ የሆነው ግን ውኃ እንዳለበት ስለሚያመለክት ፈጽሞ አይረገጥም። በድልድይ ሥርና ምንጭ በሚገባበት አካባቢ ሌላው ወፍሮ ሳለ እዚያው ሊሳሳ ይችላል። ሰው ቢሰጥም ሮጦ መድረስ ሁለተኛ ሰው ማጣት ነው። ለእርዳታ መጥራት፣ በደረት ተኝቶ ሻርፕ ወይም ረጅም እንጨት መወርወር ይሻላል። የሰጠመውም ወደ መጣበት አቅጣጫ ዞሮ፣ እግሩን እያማታ በሆዱ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ ሳይቆም ይንከባለል።

ስለ ጫማው አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «ያድግበታል» ብለን አንድ ቁጥር አስበልጠን የመግዛት ልማዳችን በዚህ ላይ አይሠራም። ጫማው ከሰፋ ቁርጭምጭሚቱ ይወላገዳል፤ ልጁም ይወድቃል። ወፍራም ካልሲ መደራረብም አይጠቅምም፤ አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ ይበል። የራስ ቁርና ጓንት የግድ ናቸው፤ ጓንቱ ለብርድ ብቻ ሳይሆን ወድቆ የተዘረጋን እጅ ከሌላው ስለት ለመከላከልም ነው። ጀማሪ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ መውደቁ ካልቀረለትም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ይውደቅ።

ለመጠየቅ ከአገር ቤት የሄዱ አያትም በቤት መቅረት የለባቸውም። በሪዶ ቦይ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ሕፃናትም በተንሸራታች ጋሪ ይጎተታሉ። ሲደክም ደግሞ እዚያው በበረዶው ላይ «የቢቨር ጅራት» የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ስኳርና ቀረፋ ተነስንሶበት ትኩስ ትኩሱን ይሸጣል። ከእኛ ቦምቦሊኖ የሚለየው ጠፍጣፋ በመሆኑ ነው።