አደይን ከቅርብ ለማንሣት

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ያየ ሰው ሁሉ ያን ውበት ይዞ ለመመለስ ይመኛል። ፎቶግራፍ ማንሻ በየሰው ኪስ በሚገኝበት በዛሬው ዘመን ይህን ምኞት መፈጸም ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤቱ ገብቶ ያነሣውን ሲመለከት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቢጫ ነጠብጣብ ነው። የአበባው መካከል ደብዝዟል፤ ጠርዙ በብርሃን ተውጧል፤ ከበስተኋላውም የአጥር ቆርቆሮ ገብቶበታል። አንሺውም «ምነው ደኅና ሌንስ በኖረኝ!» እያለ ይቆጫል።

የተማሪ የኪስ ገንዘብ ወይም የጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ውድ ሌንስ እንደማይገዛ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከመሣሪያው ርካሽነት ይልቅ ሥዕሉን የሚያበላሸው የአንሺው ጥድፊያ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት ነው። ይህ ሰው በሙያው መምህር ነበር። በበርሊን ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች የዕፀዋትን ቅርጽ ለማሳየት ሲል፣ በእጅ በተሠራ ካሜራ ቡቃያውንና አበባውን እስከ 30 እጥፍ እያጎላ ለብዙ ዓመታት አነሣ። ከኋላ የሚያደርገው ተራ ካርቶን፣ መብራቱም የቀን ብርሃን ነበር። ሥዕሎቹ በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጽሐፍ ታትመው ስሙ በገነነ ጊዜ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የሚያነሡትን ነገር ማወቅ ነው። አደይ ሲያዩት አንድ አበባ ይመስላል እንጂ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ በመካከል ተጨናንቀው የተቀመጡት ጥቃቅኖችም እንዲሁ። እነዚህ ጥቃቅኖች የሚፈኩት ከዳር ወደ መካከል በተራ ስለ ሆነ፣ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው በዳር በኩል የፈኩትን፣ በመካከል ደግሞ ገና ያልተከፈቱትን እንቡጦች ለይቶ ያያል። የሥዕሉ ጥራት ማረፍ ያለበት በዚህ በፈካው ቀለበት ላይ ነው። ሱፍና ኑግም የዚሁ ዘመዶች ስለ ሆኑ፣ አደይ ባለቀ ጊዜ በእነርሱ መለማመድ ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። ማንኛውም ሌንስ ከዚያ አልፈው ቢቀርቡት የማያጠራበት ወሰን አለው። የስልክ ካሜራ ዋናው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ተጠግቶ ከማደብዘዝ ይልቅ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ አንሥቶ፣ በኋላ ትርፉን መቁረጥ ይሻላል። ትልቅ ካሜራ ላለው ሰው ደግሞ በሌንሱ ፊት የሚገጠም ማጉያ መስተዋት አለ፤ ዋጋውም ለቅርብ ሥዕል ከተሠራው ልዩ ሌንስ በጣም ያነሰ ነው። ኀይሉ 4 ዲዮፕተር የሆነ ማጉያ፣ ዋናው ሌንስ ወደ ሩቅ እንደ ተስተካከለ፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ያጠራል። ተራ የእጅ ማጉያ እንኳ በስልኩ ሌንስ ፊት ቢያዝ ይረዳል።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ይህ ነው፤ በቀረቡ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አበባውን በራሱ መጠን ልክ ሲያነሡ፣ የሌንሱ ቀዳዳ 8 ላይ ቢሆን የሚጠራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳውን ወደ 16 ቢያጠቡት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ነገር ግን የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በ1/200 ሴኮንድ ይነሣ የነበረው 1/50 ሴኮንድ ይፈልጋል። በዚህ ፍጥነት ትንሽ ነፋስ ሁሉን ያበላሻል። በስልክ ካሜራ የሚጠራው ክፍል ከዚህ ሰፋ ቢልም ሕጉ ያው ነው። መፍትሔው የካሜራውን ፊት ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ በቀጭኑ ጥራት ውስጥ ብዙ ነገር ይገባል። ከዚያም ትንፋሽን ያዝ አድርጎ፣ ሰውነትን በጣም በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ቀለበቱ ጥርት ባለበት ቅጽበት መጫንና ይህንኑ ደጋግሞ ማድረግ ይገባል።

ሰዓትም መምረጥ ያሻል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ ብርሃኑም የለዘበ ነው። የቀትር ፀሐይ ግድ ከሆነ ጓደኛ ነጠላ ዘርግቶ ከላይ ቢይዝ ብርሃኑ ይለዝባል፤ ከሥር ነጭ ወረቀት ቢደረግም የጠቆረው ጥላ ይነሣል። ቢጫ ቀለም በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሜራው በጥቁሩ አፈርና በአረንጓዴው ተታሎ ብርሃን ሲያበዛ፣ የአበባው ጅማት ሁሉ ይጠፋል። በስልክ የሚያነሣ ሰው አበባውን በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ ያድርግ፤ በሌላው ካሜራ ማስተካከያውን ከዜሮ በታች 0.3 ወይም 0.7 ማድረግ ይበቃል።

ቆርቆሮውን ከሥዕሉ ለማስወጣት ብዙ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃል። ተንበርክኮ ካሜራውን ከአበባው ጋር በእኩል ከፍታ ማድረግና ከኋላው ራቅ ያለ ጥላ መምረጥ ደግሞ አበባውን አጉልቶ ያወጣዋል። ለአንድ ሥዕል ብሎ በዙሪያው ያለውን መርገጥ ወይም መንቀል ግን ነውር ነው።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለ። አደይ የምንለው አንድ ዓይነት ተክል ብቻ አይደለም፤ በመልክ የሚቀራረቡ ዓይነቶች አሉት። የዕፀዋት ሊቃውንት የሚለዩአቸውም በአረንጓዴው ቅጠል፣ ከአበባው ሥር ባለው አረንጓዴ መደብና በዘሩ ጭምር ነው። ስለዚህ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጎኑንና ቅጠሉንም አንሥቶ፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ይገባል። ሊቃውንቱ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት መዝግበው፣ ከ1989 እስከ 2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተከታታይ ቅጾች አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ከተማ በሰፋ ቁጥር ሜዳው ይጠባል፤ ዘንድሮ ቢጫ የነበረው መስክ ለከርሞ የቤት መሠረት ሊሆንበት ይችላል። ያን ጊዜ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ጥርት ያለ ሥዕል፣ አበባው በዚያ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የአደይ ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ መስከረምን ሳይጠብቁ በደጃፍ በጣሳ በተተከለው አበባ ዛሬውኑ መለማመድ መልካም ነው። እጁና ጉልበቱ አስቀድሞ የለመደ ወጣት፣ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ የሚጎድለው ሌንስ አያሳስበውም።