ፎቶው ብቻ አይበቃም

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ከሰሌዳ ወደ ቴሌግራም ከተሸጋገረ ሰነባብቷል። የሥራ ቅጥሩም፣ የፈተና ጥሪውም የሚሰማው እዚያ ነው። ማስታወቂያ ለማየት ከአምበር ደብረ ማርቆስ ድረስ መሳፈር ለቀረለት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ማየት የተሳነው ወጣት ግን ከዚህ እፎይታ ድርሻው አልደረሰውም።

ማስታወቂያው እንዴት እንደሚለቀቅ እንመልከት። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትተይበዋለች፤ ታትሞ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። የወጣቱ ስልክ ቶክባክ በተባለው ስክሪን ሪደር (የስክሪን አንባቢ) አማካይነት ጽሑፍን ጮክ ብሎ ያነብለታል። እዚህ ላይ ሲደርስ ግን «ፎቶ» ብሎ ያልፋል። ስንት ሰው እንደሚፈለግ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ አይነግረውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ጽሑፉ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው።

ሌላው እንቅፋት ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ናቸው። በእነሱ የተተየበ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ነው፤ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየውን ዝብርቅርቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ያንኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ዛሬ ምክንያት የለንም።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ክልላችን አማራ ደግሞ ትራኮማ ክፉኛ የጎዳው ነው። ዕድል ያገኘ ሰው የት እንደሚደርስም አይተናል፤ ከአማራ ሳይንት የተነሡት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ቢያጡም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መረጃና ኢንተርኔት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሕገ መንግሥታችንም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን መብት ነው።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሆይ፣ ማኅተሙ ያለበት ፎቶ ይለጠፍ፤ ከሥሩ ግን ጸሐፊዋ የተየበችው ጽሑፍ በዩኒኮድ ይከተል። በጀት አይጠይቅም፤ ሥልጠናም አይጠይቅም። ከነገው ማስታወቂያ መጀመር ይቻላል።