ድምፅ እንደ ገንዘብ አይላክም

ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ገንዘብ በስልክ እየላክን፣ መብራትና ውሃ በስልክ እየከፈልን፣ ስለምን በስልክ አንመርጥም? ጠያቂዎቹ ቅን ናቸው። አራስ ልጅ ታቅፋ ፀሐይ ላይ የተሰለፈችን እናት ያየ ሰው ይህን መመኘቱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ስልክ ለምርጫ ብዙ ሊጠቅም ይችላል፣ ድምፅ ለመስጠት ግን አይሆንም ባይ ነኝ።

ገንዘብ ስንልክ ባንኩ የላኪውንም የተቀባዩንም ስም ያውቃል። ብሩ ካልደረሰ ደረሰኝ ይዘን እንከራከራለን፤ ስህተቱም ይታረማል። ድምፅ ላይ ይህ አይሠራም። መራጩ መምረጡ መመዝገብ አለበት፤ ማንን እንደመረጠ ግን ማንም ማወቅ የለበትም። ለሌላ ሰው የሚያሳየው ደረሰኝም ሊሰጠው አይገባም፤ ደረሰኝ ካለ ድምፅ ይሸጣል፣ በማስፈራሪያም ይወሰዳል። ስለዚህ ሰርቨር ውስጥ አንድ ድምፅ ከአንዱ ዕጩ ወደ ሌላው ቢዞር «የእኔ ነበር» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ አይገኝም።

በኢንተርኔት በማስመረጥ ከሁሉም ርቃ የሄደችው ኢስቶኒያ ናት። 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር በ2005 (እ.ኤ.አ.፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በአካባቢ ምርጫ ጀመረች፤ በ2007 ፓርላማዋን፣ በ2011 ደግሞ በሞባይል መታወቂያ ጭምር አስመረጠች። በ2023 ከመራጮቿ ከግማሽ በላይ የሆኑት ድምፃቸውን የሰጡት በኢንተርኔት ነው። መራጩ መታወቂያ ካርዱን ኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካል፤ በአንድ የሚስጥር ቁጥር ማንነቱን ያረጋግጣል፣ በሌላው ይፈርማል። ድምፁ ተመስጥሮ ይላካል፤ ከቆጠራ በፊት ፊርማው ይነሳል። ከ2013 ወዲህ መራጩ ድምፁ በትክክል መድረሱን በስልኩ ማየት ይችላል።

ኢስቶኒያውያን ከቴክኒኩ በፊት የተጨነቁበት ግን ቤት ውስጥ ያለው ግፊት ነው። በምርጫ ጣቢያ መጋረጃው ጀርባ ባልም አለቃም አይገባም፤ ሳሎን ውስጥ ግን ማን አጠገብ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ መራጩ ደጋግሞ እንዲመርጥ፣ የመጨረሻው ብቻ እንዲቆጠር፣ በወረቀት ከመረጠም ወረቀቱ እንዲያሸንፍ ተደነገገ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት አርኖልድ ሩተል ይህ እኩልነትን ይጥሳል ብለው ሕጉን አልፈርምም አሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ድምፅን የመለወጥ ዕድሉ ለመራጩ ነፃነት አስፈላጊ ነው ሲል ወሰነ። እንግዲህ የዚህ ሥርዓት ማምለጫ በር በአቅራቢያ ያለው የወረቀት ጣቢያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት ያሉ እህቶቻችን በስልክ ይምረጡ የሚለውን ሐሳብ ስሰማ የማስበው ይህንኑ ነው። ፓስፖርቷም ስልኳም አሠሪዋ እጅ ላለ የቤት ሠራተኛ የምታመልጥበት ጣቢያ የት አለ?

ቴክኒኩም ቢሆን አላረፈም። በ2014 በኮምፒዩተር ደህንነት ተመራማሪው አሌክስ ሃልደርማን የተመራ ቡድን ድክመቶች አግኝቶ ሥርዓቱ እንዲቋረጥ መከረ፤ ባለሥልጣናቱ አልተቀበሉትም። በ2017 የመታወቂያ ካርዱ ቺፕ ላይ በተገኘ ክፍተት ከ700,000 በላይ ካርዶች ለአደጋ ተጋለጡ። በ2023 ደግሞ በወረቀት ቆጠራ ጥሩ ውጤት ያገኘው ኤክሬ የተባለው ፓርቲ የኢንተርኔቱ ድምፅ ሲጨመር ወደ ኋላ ቀረ፤ አልቀበልም ብሎም ፍርድ ቤት ሄደ። አልተሳካለትም። ለእኔ ግን ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው። አሸናፊን ማሳመን አያስቸግርም፤ ምርጫ የሚሠራው ተሸናፊው መሸነፉን በዓይኑ አይቶ ሲቀበል ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2009 የድምፅ መስጫ ኮምፒዩተሮችን ሲሽር ያለውም ይህንኑ ነው፦ ተራ ዜጋ ያለ ልዩ ሙያ የምርጫውን ዋና ሂደት መመርመር መቻል አለበት።

በእኛ አገር ጣቢያ ቆጠራ ሲካሄድ ይህ መብት በተግባር ይታያል። ኮሮጆው ይከፈታል፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተዘረጋ ለታዛቢዎች ይታያል፤ ምልክቱ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ያረፈበት ወረቀት ሲገኝ «ይቆጠር»፣ «አይቆጠርም» ክርክር ይነሳል። ያ ክርክር ድካም ይመስላል እንጂ የእምነት መሠረት ነው፤ ለመከራከር አራተኛ ክፍል መድረስ ይበቃል። ሰርቨር ፊት ለፊት ግን የፓርቲ ወኪሉ ምን ብሎ ይከራከራል? የአስመራጩን ወገን ኢንጂነር ቃል ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። መንግሥትና ተቃዋሚ በማይተማመኑበት፣ ኢንተርኔት ሳምንታት ተቋርጦ በሚያውቅበት አገር ይህ ጠብ መጋበዝ ነው።

ስልኩ የት ይግባ ታዲያ? ኬንያ የተደበቀ ሰርቨርንም ይፋ የወጣ ውጤትንም አይታለች። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሲሽር ከምክንያቶቹ አንዱ የውጤት አስተላለፉ ነበር፤ ሰርቨሩ ይታይ ሲባልም ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሚገባ አልፈጸመም። በ2022 መራጩ የመረጠው በወረቀት ነው፤ ከ46,000 በላይ ጣቢያዎች የተፈረሙ የውጤት ቅጾች ግን ተነስተው ማንም በሚያየው ገጽ ላይ ተለጠፉ። ጋዜጠኛውም ተማሪውም ቅጾቹን አውርዶ ራሱ ደመረ። የፕሬዚዳንት ዕጩው ራይላ ኦዲንጋ በጠባብ ልዩነት ተሸንፈው ፍርድ ቤት ሲሄዱ ከክርክሮቹ አንዱ ሁሉም ባየው ሰነድ ላይ ነበር።

በእኛም አገር የጣቢያ ውጤት በር ላይ ይለጠፋል። የቀረው ከበሩ እስከ ሕዝቡ ያለው መንገድ ነው፦ የምርጫ ቦርዱ የእያንዳንዱን ጣቢያ የተፈረመ ቅጽ ምስል በዚያው ሌሊት ይፋ ያድርግ፤ ወኪሉ በሩ ላይ ያነሳውን ፎቶ ከቦርዱ ምስል ጋር ያስተያይ። ኔትወርክ ቢጠፋ ወረቀቱ ኮሮጆው ውስጥ አለ፤ ምስሉ በማግስቱ ይላካል። ለበይነ መረብ ምርጫ የሚታሰበው በጀት መጀመሪያ ለዚህ ይዋል።