ትምባሆ ጤናንም ማሳንም ይጎዳል

ለአርሶ አደር ዋነኛው ሀብት ጤናማ ጉልበት ነው። መሬቱም፣ በሬውም፣ ምርጥ ዘሩም ፍሬ የሚሰጡት ጉልበት ሲኖር ነው። ይህን ጉልበት ቀስ በቀስ ከሚያደክሙት ጎጂ ልማዶች አንዱ ትምባሆ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ ለሐኪም ቤት ብቻ የሚተው ሳይሆን የገጠር ልማት ሥራ አካል ሊሆን ይገባዋል።

ይህ በተለይ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ሕዝብ እውነት ነው። ወልድያ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌና ወደ ወረታ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዕቃ በሚወጣበትና በሚወርድበት መንገድ ሲጋራም አብሮ ይገባል። በወረዳው ከፍራፍሬና ከአትክልት ጎን ጫት ይመረታል፤ ጫት በሚቃምበት ቦታ ደግሞ ሲጋራ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። በገጠሩም ጋያና ሱረት የቆዩ ልማዶች ናቸው።

ትምባሆ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ አውሮፓውያን ቅጠሉን በዓለም አዛመቱት። በሀገራችን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዘመነ መንግሥታቸው፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.፣ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። ቅጣቱ ከንፈርና አፍንጫ እስከ መቁረጥ ይደርስ እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ያም ሆኖ ትምባሆ ከሀገር አልጠፋም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል በአዋጅ ተቋቋመና ለረጅም ዘመን ሻጩ መንግሥት ራሱ ሆነ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በድርጅቱ ውስጥ ድርሻ ገዝቶ በ2010 ዓ.ም. አብዛኛውን ድርሻ ያዘ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰው ጉዳቱን ካልተረዳና ሽያጩ ካልተቆጣጠሩት፣ የቅጣት ፍርሃት ብቻውን ትምባሆን አያስቀርም።

አጫሹን የሚያስረው ኒኮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ጭሱ በተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ ኒኮቲን በደም ተጉዞ አንጎል ይደርስና ለጥቂት ጊዜ የእርካታ ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ሲበርድ አካል እንደገና ይጠይቃል፤ ካላገኘም ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐሳብ መበታተን ይከተላል። አጫሹ «ድካሜን ያስረሳኛል» የሚለው ሲጋራ በአብዛኛው የሚያስታግሰው ያለፈው ሲጋራ የተወውን ጥማት ነው።

ኒኮቲን ሱሰኛ ሲያደርግ ጭሱ ደግሞ በሽታ ያመጣል። በጭሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች ሲኖሩ፣ ወደ 70 የሚጠጉት ለነቀርሳ የሚዳርጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ዶልና ሂል ማጨስ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ፤ በ1964 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን ይህንኑ በይፋ አስታወቀ። ትምባሆ የልብ በሽታ፣ የአንጎል ደም መፍሰስና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያመጣል። በሳንባ ነቀርሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቲቢ በሽታ ለመያዝም ያጋልጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በትምባሆ ሳቢያ ይሞታሉ። ጋያም ቢሆን ጭሱ በውኃ ውስጥ ስላለፈ አይጠራም፤ ሱረትም ጭስ ባይኖረውም ኒኮቲኑ ያው ነው።

ጉዳቱ በአጫሹ አያበቃም። አንድ ክፍል ባለው ቤት አባት ሲያጨስ እናትና ሕፃናት አብረው ይስባሉ። የሕፃናት የሳንባ ምች ይበረታል፤ ነፍሰ ጡር እናትም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። የቤቱም ገንዘብ ይባክናል። በቀን አምስት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዓመት 1825 ሲጋራ፣ ማለትም ባለ 20 ፍሬ ፓኬት ከ91 በላይ ይጨርሳል። የዚህን ዋጋ በአካባቢው ሂሳብ አስልቶ ከምርጥ ዘር፣ ከማዳበሪያና ከልጆች ደብተር ጋር ማነጻጸር ለማንኛውም ቤተሰብ የሚከብድ ስሌት አይደለም።

ብዙ አርሶ አደሮች ልብ ያላሉት ሌላ ጉዳት በማሳ ላይ ይታያል። የትምባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ ደርቆ በተዘጋጀ የትምባሆ ቅጠል ውስጥ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ሲጋራ የነካ ወይም ትምባሆ የጠቀለለ እጅ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ሲነካ በሽታው ወደ ተክሉ ሊተላለፍ ይችላል። ቅጠሉ ደማቅና ፈዛዛ አረንጓዴ ይዥጎረጎራል፣ ይጨማደዳል፣ ተክሉም ይቀጭጫል። ከተያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ስለዚህ በሀብሩ መስኖ አትክልት የሚያለማ ሰው በችግኝ ጣቢያና በማሳ ውስጥ አለማጨስ፣ ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ፣ የታመመውንም ተክል ነቅሎ ማስወገድ ይኖርበታል። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ክሽክሽን ለማጥፋት መርጨትም አደገኛ ነው። ተባዩን የሚገድለው ኒኮቲን በቆዳ ሰርጎ ረጪውን ሰው ሊመርዝ ይችላል።

ሕጉ አልጎደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንና ሲጋራን በፍሬ መቸርቸርን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሲጋራ በፍሬ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወጣቱን ለሱስ የሚያለማምደውም ይኸው የፍሬ ሽያጭ ነው። ሙሉ ፓኬት ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ አንዷን ፍሬ ለመግዛት አይቸገርም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚ ሆነው የተገኙት ዐዋቂዎች ከመቶ 5 ያህል ነበሩ። ይህ ከብዙ ሀገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። እሳት የሚጠፋው ገና በጭራሮ ሳለ ነውና ይህ አጋጣሚ ሊያመልጥ አይገባም።

ስለሆነም የቀበሌ አስተዳደሮች ባለሱቆችን ሰብስበው የፍሬ ሽያጭ እንዲቆም ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሲያስተምሩ ይህን ርእስ ቢያነሡ ተሰሚነት ያገኛሉ። ካህናትና ሼሆችም ቃላቸው የሚከበር በመሆኑ በለቅሶውም በሠርጉም ምክራቸውን ሊለግሱ ይገባል።

ለአጫሹም ጊዜው አልመሸም። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ግን ጥማቱ እየቀለለ ይሄዳል። ካቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከሚያጨሰው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ሊያበረታቱት እንጂ ሊዘባበቱበት አይገባም። ሲጋራውን የተወ አርሶ አደር ከጉልበቱም፣ ከገንዘቡም፣ ከማሳውም ያተርፋል።