የሚሳመው ዋንጫ

ክረምት ሲገባ የሰፈር ልጆች ውድድር ይጀምራሉ። የሚያዋጡት ብር ለመለያ እንኳ አይበቃም፤ ዋንጫ ከየት ይምጣ? ዘንድሮ የልጅ ልጄ ቡድን «የዓለም ዋንጫን አስመስለሽ ሥሪልን እማማ» ብሎ እኔ ላይ ጣለው።

እውነተኛው ባለ 18 ካራት ወርቅ ነው፤ ቁመቱ 36.8 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ከ175 ግራም። (ዋንጫ ይባል እንጂ አይጠጣበትም።) ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ኳስ ሲጫንበት ቁመቱ ይቀርበዋል። ሃይላንዱን እስከ ሲሶው አሸዋ ሙሉትና ክዳኑን አጥብቁ፤ አለዚያ ነፋስ ይጥለዋል። አናቱ ላይ የካልሲ ኳስ በፕላስተር እሰሩ። ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እንደ ሙቅ አብስሉ፤ ሲበርድ የተቀዳደደ ጋዜጣ እየነከራችሁ አልብሱት። ሦስት ድርብ ይበቃል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ከደረባችሁ ግን ይሻግታል፤ ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማይገኝ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ሙግት የገጠመን ቀለሙ ላይ ነው። ልጆቹ ከጋራዥ የተረፈ ቀለም ይዘው መጡ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ዋንጫ ይሳማል! አሥራ አንድ ልጅ በየተራ ከንፈሩን ያሳርፍበታል፤ ታናናሾቻቸውም ይልሱታል። አንዳንዱ የዘይት ቀለም እርሳስ አለበት፤ የመጻፊያውን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ መጠንም የለውም። ስፕሬዩም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደረት ያውካል።

ስለዚህ ወርቃማ የስጦታ ወረቀት ቆራርጠን በዚያው የዱቄት ሙጫ ለጠፍንበት። ግርጌውን በሁለት አረንጓዴ የወረቀት ቀለበት አዞርነው፤ የእውነተኛውም ግርጌ ማላካይት በሚባል አረንጓዴ ድንጋይ የተከበበ ነው።

አሁን ደግሞ ሜዳሊያ ጠይቀዋል። ቆርኪ እየሰበሰብኩ ነው፤ ጠርዙን በመዶሻ መጠፍጠፉ የእኔ ድርሻ ሆኗል።