ማጀቱ ሳይነካ፦ በአንዲት ክፍል ውስጥ የአናጺ ጥግ

ዛሬ ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ እናወጋለን። የባለትዳሮች ገጽ ላይ መጋዝ ምን አመጣው የምትሉ ካላችሁ፣ ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስትን አስቡ። ባል ከእንግዶች ጋር በተያያዘ ሥራ ይተዳደር ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ እንግዳው ቀረ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር መብራቱም ሥራውም ተቋረጠ። ደግሞ ትንፋሽ ተገኘ ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። እንዲህ ባለው ጊዜ ባል አንድ ቀን መጋዝና ሁለት ጣውላ ይዞ ወደ ቤት ቢገባ ማን ይፈርድበታል?

ሚስት ግን በዚያው በር የሚገባውን ሌላ ነገር ታያለች። አልጋው፣ የልጆቹ ፍራሽ፣ የሊጡ ዕቃና የውኃው ጀሪካን ያሉት በዚያችው ክፍል ነው። አቧራው የት ይራገፋል? ጣውላው ሌሊት የት ያድራል? እኔ እንደምገምተው በእንዲህ ያለ ቤት ጠብ የሚያመጣው ሥራው ሳይሆን የጣውላው ማደሪያ ነው። ወንድሜ፣ ሚስትህ በዚህ ስትቆጣ ሥራህን ጠላች ማለት አይደለም። የመኝታዋን ቦታ ነው የጠየቀችህ። ስለዚህ ከመጋዙ በፊት ኖራ ወይም ጠመኔ ግዙና ሁለታችሁም ባላችሁበት ወለሉ ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ወዲያ የሥራው ነው፤ ከመስመሩ ወዲህ አንዲት ፍቅፋቂ እንኳ አታድርም። ሰዓቱንም ተነጋገሩበት። መላጊያ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሕፃን ተኝቶም ይሠራል፤ መሮ በመዶሻ መምታት ግን የቀን ሥራ ነው።

የእጅ ሥራ ዝቅ ያለ ነገር የሚመስለው ሰው አሁንም በመካከላችን አይጠፋም። በማርቆስ 6፥3 የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የጠሩት በዚሁ ሙያ መሆኑን ላስታውሰውና ወደ ነገሬ ልመለስ።

የላስታ ሰው ኑሮንና ሥራን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር አዲስ አይሆንበትም። ክብ ሆነው በድንጋይ የተሠሩት የላስታ ባለ ሁለት ደርብ ቤቶች ታችኛው ክፍላቸው ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው ነው፤ መውጫውም በውጭ በኩል ያለ ደረጃ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ታደላችሁ፤ ምድር ቤቱን ለሥራ አድርጉት። የላይኛው ወለል እንጨት ከሆነ ግን አቧራው በስንጥቁ ሽቅብ እንደሚወጣ አትርሱ፤ ከሥር ማዳበሪያ ጆንያ ወይም ላስቲክ ወጥሩበት።

ለተከራዩ ዋናው ጥያቄ የሥራ ጠረጴዛው ነው። በጠባብ ቤት የሚበጀው በማጠፊያ ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ሥራ ሲያበቃ ወደ ታች የሚታጠፍ ነው። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 45፣ የጣውላው ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ይበቃል። ሁለቱ እግሮች እነርሱም በማጠፊያ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ሲዘረጉ እንዳይከዱ በመንጠቆ ይያዛሉ። ታጥፎ ሲያድር ከግድግዳው የሚወጣው አንድ ጋት ያህል ብቻ ነው።

ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ማጠፊያውን ምርጊቱ ላይ ብትመቱት በሳምንቱ ከነአፈሩ ይወርዳል። ምርጊቱን በጥቂቱ ፍቃችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና በረጅም ቪቴ እሰሩት። ሚስማር አይሆንም፤ መላጊያ በተገፋ ቁጥር እየላላ ይወጣል። ምርጊቱን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ አከራዩን አስፈቅዱ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን ቪቴ አይዝም፤ ያኔ ራሱን ችሎ የሚቆም ጠባብ ጠረጴዛ ሥሩና ከእግሮቹ በታች ባለው ማገር ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። በላስታ ድንጋይ አይቸግርም።

ቁመቱን ሲለኩ ብዙዎች ከምግብ ጠረጴዛ ይቀዳሉ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁት፤ የእጅ አንጓችሁ የደረሰበት ነው ልኩ። ለብዙ ሰው 80 ወይም 85 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ በአጭሩ ሰው ልክ አድርጉት፤ መላጊያ ዝቅ ካለ ጠረጴዛ ላይ ሲገፋ የሰውነት ክብደት ያግዘዋልና።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ጠባብና ሰፊ ሁለት መሮ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ መዶሻ። ያገለገለ መሮ ብረቱ ጥሩ ከሆነ ከአዲስ ርካሽ የተሻለ ነው። የኤሌክትሪክ መጋዝ ግን፣ እንደ እኔ፣ በኪራይ ክፍል አይሞከር። ከ1,000 ዋት በላይ የሚስብ መሣሪያ ግቢው ሁሉ በሚጋራው ቆጣሪና ባረጀ ሽቦ ላይ መሰካት ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ ሽቦውም ሊግል ይችላል። መብራት ሲጠፋም ሥራው አብሮ ይቆማል።

የእጅ መሣሪያ ምስጢሩ ስለቱ ነው። አናጺ ነኝ ያለ ብዙ ሰው የሚደክመው በደነዘ መሮ ነው። መሳያ ድንጋይ ካጣችሁ አንድ ቁራጭ የመስኮት መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘርጉና ውኃ ረጭታችሁ ሳሉበት፤ መስታወቱ ፍጹም ጠፍጣፋ ስለሆነ ስለቱ ቀጥ ይላል። የስለቱ ማዕዘን 30 ዲግሪ ያህል ይሁን። መለኪያ ከሌላችሁ የወረቀት ማዕዘን ለሦስት እኩል እጠፉት፤ አንዱ እጥፋት 30 ዲግሪ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። የእንጨት ጥበብ በዚህ አገር የቆየ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳው ተራ በተራ በእንጨትና በኖራ በተለሰነ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ዝናብና ፀሐይ የማይነካው እንጨት ምን ያህል እንደሚቆይ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። ዛሬ ግን የላስታ ተራሮች ተራቁተዋል፤ ጽዱና ወይራው በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የጽድ ወይም የወይራ ጣውላ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደ ተቆረጠ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ተዉት።

የምታገኙት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ጠባዩ ክፉ ነው፤ እርጥቡን ከሠሩበት ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። እንጨት ውኃውን ቶሎ የሚለቀው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ ጣውላውን በገዛችሁበት ቀን ሁለቱንም ጫፍ ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ቀቡት። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አግድማችሁ፣ ከላይ ድንጋይ ጭናችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ከምሩት። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ቦታ ለዚህ ይሆናል፤ የክፍሉን ወለልም ያድናል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ቢያንስ አንድ በጋ ይቆይ፣ ዓመት ቢሞላው ይመረጣል። እስከዚያ ድረስ በምን እንሥራ ካላችሁ፣ ከፈረሰ በርና ከአሮጌ አልጋ የሚገኝ እንጨት ዓመታት የደረቀ ነውና ሚስማሩን ነቅላችሁ ተጠቀሙበት። የደረቀ እንጨትም ቢሆን በክረምት በስፋቱ ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። በሐምሌ አልዘጋ የሚል በር ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

እህቴ፣ የአቧራው ስጋትሽ ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በ1987 ዓ.ም. ለሰው ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫን ውስጥ ይጎዳል። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ጉዳቱ ዓመታትን አይጠብቅም። ይህ የተባለው በአብዛኛው ለዓመታት በአቧራ ውስጥ ለሠሩ ሰዎች ነው፤ ነገር ግን እናንተ በምትሠሩበት ክፍል ትተኛላችሁ። መላጊያ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ወለል ላይ ይወድቃል፤ ብርጭቆ ወረቀት የሚያወጣው ዱቄት ግን ለሰዓታት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ማለስለሱን በተሳለ መላጊያ ጨርሱት፤ ብርጭቆ ወረቀት የግድ ካስፈለገ ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሁን። ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የሥራ ልብስ በሩ ላይ ይቅር።

ፍቅፋቂውና ሰጋቱራው እሳት ማያያዣ ይሆናል። ከቺፑድ፣ ከኮምፖልሳቶና ቀለም ከነካው እንጨት የወጣው ግን ሙጫና ኬሚካል ስላለበት በእንጀራ ምድጃ አይነደድ። ቫርኒሽ ሲቀባ ከሰል በቤት ውስጥ አይኑር። እንጨት የተቀባበት የተልባ ዘይት ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ያለ ክብሪት ራሱ ሊነድድ ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ምን እንሥራ ለሚለው፣ ለእንግዳ የሚሸጥ ቅርጻ ቅርጽ አትጀምሩ፤ ያ ገበያ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ እንደሚዘጋ አይተናል። ጎረቤት የሚፈልገውን ሥሩ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጥሩ መነሻ ነው። የላስታ የአፈር ወለል ሜዳ አይደለም፤ አራት እግር ይወዛወዛል፣ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል። መጀመሪያ አንዱን ለራሳችሁ ሠርታችሁ ወር ተቀመጡበት።

ዋጋውን ስታወጡ እንጨቱን ብቻ አትቁጠሩ። ለምሳሌ እንጨቱ 250 ብር፣ ኮላና ቫርኒሹ 60 ብር ቢሆን፣ ሥራው ስድስት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከዚያም አራቱ የእሱ፣ ሁለቱ የማለስለስና የመቀባት ሰዓቶች የእሷ ቢሆኑ፣ በሰዓት 50 ብር ብታስቡት 300 ብር ነው። ለመሣሪያ ማሳደሻ 40 ብር ጨምሩ፣ 650 ብር ይመጣል። ለጎረቤት ቅናሽ አድርጉ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰረዘው የእሷ ሁለት ሰዓት ናት፤ እንዳትሰረዝ በደብተር ተጽፋ ትቀመጥ። ደብተሩን መጋዙን ያልያዘው ሰው ቢይዘው ይሻላል፤ የሠራው ሰው ስንት ሰዓት እንደ ቆመ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚናገረው።