ስለ ቤት አስተዳደር፤ ስጦታና የተቀባዩ ምርጫ

የሰው ፈቃዱ ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ግን ልክ አለው። ስለዚህ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ኹሉ አንዱን ሲወድ ሌላውን መተው ግድ ይኾንበታል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን መምረጥና መተው እንዴት እንደ መረመሩት፤ ለቤታችንም ምን እንደሚጠቅም ዛሬ ጥቂት እንጽፋለን።

አንድ ወዳጄ በባላገር ለሚኖሩ እናቱ በየጊዜው ስኳር ይልክላቸው ነበር። ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ ግን ከስኳሩ የሚበዛውን በርካሽ እየሸጡ ቡና እንደሚገዙበት ሰማ። እጅግም አዝኖ «እናቴ ስጦታዬን ናቁት» ሲል አጫወተኝ። እኔም እናቲቱ እንዳልናቁት በቍጥር ላስረዳው ሞከርኹ።

ለአቈጣጠር እንዲቀል የ1 ኪሎ ቡና ዋጋ 100 ብር፤ የ1 ኪሎ ስኳር ዋጋ 50 ብር ነው እንበል። እኒህ እናት 4 ኪሎ ቡናና 4 ኪሎ ስኳር አላቸው። ከቡናው 1 ኪሎ ቢቀነስባቸው፤ ደስታቸው እንዳይጐድል 3 ኪሎ ስኳር ሊጨመርላቸው ያስፈልጋል። 5ኛ ኪሎ ቡና ቢጨመርላቸው ግን ስለ እርሱ የሚለቁት 1 ኪሎ ስኳር ብቻ ነው። ያነሰንን ነገር እናከብራለን፤ የበዛልንን ግን በቀላሉ እንለቃለንና። እንግዲህ 3 ቡናና 7 ስኳር፤ 4 ቡናና 4 ስኳር፤ 5 ቡናና 3 ስኳር በእርሳቸው ዘንድ ትክክል ናቸው። እነዚህን በወረቀት ላይ በነጥብ አኑረን ብናገናኛቸው ወደ መነሻው ማዕዘን የጐበጠ መስመር ይወጣል፤ ይህንንም የእኩል ምርጫ መስመር ልንለው እንችላለን። ዋጋውን ስናሰላው ግን ፊተኛውና ኋለኛው 650 ብር ሲያስወጡ መካከለኛው 600 ብር ብቻ ያስወጣል። ስለዚህ 600 ብር ያላቸው እንደ ኾነ የሚመርጡት መካከለኛውን ነው።

ይህን መስመር በመጽሐፍ ያወጣው በአየርላንድ የተወለደው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1881 ነበር። ከእርሱ በኋላ ጣልያናዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ፤ ደስታን እንደ እህል መስፈር እንደማያስፈልግ፤ ሰው የትኛውን ከየትኛው እንደሚያስበልጥ ማወቅ እንደሚበቃ አስረዳ። በ1934 ጆን ሂክስና ሮይ አለን የተባሉ እንግሊዛውያን ትምህርቱን አስፋፉት፤ ሂክስም በ1972 ከአሜሪካዊው ኬኔዝ አሮው ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

አኹን ወደ ወዳጄ ነገር እንመለስ። የላከው 12 ኪሎ ስኳር ነው እንበል፤ ዋጋውም 600 ብር ነው። እናቲቱ 8ቱን ኪሎ በ40 ብር ሒሳብ ቢሸጡ 320 ብር ያገኛሉ፤ በእርሱም 3 ኪሎ ቡና ቢገዙ 20 ብር ይተርፋቸዋል። ገንዘቡ ራሱ ቢላክላቸው ኖሮ 4 ኪሎ ቡናና 4 ኪሎ ስኳር በገዙበት ነበር። ልጅ 600 ብር ሲያወጣ ለእናት የደረሰው የ520 ብር ነገር ነው፤ 80ው ብር በመንገድ ቀረ።

ይህም ሲባል ዕቃ መላክ ዘወትር ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ዕቃው በባላገር ገበያ የማይገኝ ወይም እጅግ የተወደደ ከኾነ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃው ይጠቅማል። ነገር ግን ይህን የሚያውቀው ተቀባዩ ነውና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ወዳጄም እንዲሁ አደረገ። «እናቴ፤ ከእንግዲህ ምን ልላክልዎ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ልጄ፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኹህ እንዳላሳዝንህ ብዬ ነው» አሉት።

አንባቢ ሆይ፤ ለወላጅም፤ ለሚስትም፤ ለአሽከርም ስንሰጥ የራሳችንን ምርጫ የእነርሱ ምርጫ አድርገን እንዳንቈጥር እንጠንቀቅ። ተቀባዩን መጠየቅ ስጦታውን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም ያከብረዋል።